ለዶሮዎቹ የሠራሁት ማሽን

ሽማግሌ ልኬ የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ ዘመዶቼ ሁሉ ደስ አላቸው፤ እኔ ብቻ ሥራ ጀመርኩ። የልጅቷ አባት «እሷን ከወሰዳችኋት ዶሮዎቼን ማን ያበላልኛል?» ብለው ሽማግሌዎቹን ለሌላ እሁድ ቀጥረዋቸዋል። መቼም በመጀመሪያው ቀን ልጅ እንደማይሰጥ የማያውቅ የለም። «ዘመድ እናማክር» ይባላል፣ «ገና ልጅ ናት» ይባላል፣ ሽማግሌም ይህን ሰምቶ እየሳቀ ይመለሳል። ከአቦምሳ ያስመጣሁት አጎቴማ ከልጅቷ ከተማ ከቢሾፍቱ አዳማ እስኪደርስ መንገዱን ሁሉ ሲያንጎራጉር ነው የመጣው። እኔ ደግሞ አዳማ ውስጥ ቴሌቪዥንና ጄነሬተር እየጠገንኩ የምኖር፣ ችግር ሲነገረኝ እጄ ወደ ካቻቢቴ የሚሮጥ ሰው ነኝ። ዶሮዎቹን ማን ያበላል? ጥያቄው ግልጽ ነው። ማሽን ያበላቸዋላ!

እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ዶሮዎቹን የምታበላው እሷ ናት። ሐሳቤን ስነግራት «አንተ፣ የምርህን ነው?» አለችኝ። አድንቃኝ መሰለኝ።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። መኖ የሚሞላበት ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ትንሽ መዝጊያ፣ መዝጊያዋን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰርቮ ሞተር። ሰርቮ እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ እዚህ ማዕዘን ላይ ቁም ሲባል እዚያው ይቆማል። ትእዛዙ የሚደርሰው በኤሌክትሪክ ምት ነው፤ ምቱ አጠር ሲል ወደ አንድ ጎን፣ ረዘም ሲል ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ልዩነቱ ከሰከንድ ሽራፊ ያነሰች ሽራፊ ስለሆነች ምቱን መለካት ያለበት የማሽኑ አንጎል በሆነው ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ የተቀመጠው ታይመር የሚባል ቆጣሪ ነው። እኔ ታይመር ማን አባቱ ነው ብዬ ፕሮግራሙን «ትንሽ ቆይ፣ አሁንም ትንሽ ቆይ» በሚል ትእዛዝ ሞላሁት። ምስኪኑ ማይክሮኮንትሮለር ቆይ ሲባል እየቆመ ሌላ ሥራ መሥራት አቃተው፤ ሰዓት እንኳ ማየት አልቻለም። ሰርቮው ወባ እንደያዘው ሰው እየተንቀጠቀጠ መኖውን ቤቴ ወለል ላይ ይዘራዋል። ስንት ቀን በቆሎ ላይ በባዶ እግሬ ተራመድኩ! በመጨረሻ አፍንጫዬን ተይዤ ስለ ታይመር ተማርኩ። ምት መቁጠሩን ለእሱ ተውኩለትና የቀረው ፕሮግራም ሰዓቱን በሰላም መጠበቅ ያዘ። ሰርቮው ሳይንቀጠቀጥ ከፍቶ ሳይንቀጠቀጥ ሲዘጋ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑን ጭኔ ላይ ታቅፌ በሞጆ በኩል ቢሾፍቱ ገባሁ። ለወጉማ ቢሆን ሽማግሌ የላከ ሰው ነገሩ ሳያልቅ እዚያ ግቢ ድርሽ አይልም። እኔ ግን ራሴን የቆጠርኩት እንደ ባለሙያ ነው። አባቷ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ስበሳና ስገጥም ቆመው ተመለከቱኝ።

«ጋሼ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ራሱ ይከፍታል። ከእንግዲህ እሷ ባትኖርም ችግር የለም» አልኳቸው።

ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ጎበዝ ነህ» አሉ። ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድ ምንም አልቀረውም። ማሽኑ ሰዓት የምታሳይ ትንሽ ስክሪንና ማስተካከያ ቁልፎች ነበሩት። ሰዓቱ የሚሄደው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ፕሮግራሙንም በዚያው ጽፌዋለሁ፤ የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእሱ ሰባት ነው። ይህን ለጋሼ መንገር ነበረብኝ። በሙገሳው ሰክሬ ረሳሁት።

እሁድ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎቹ ገቡ። አጎቴ በሩ ላይ በኦሮምኛ «አከም ቡልተኒ!» ብሎ እንዴት አደራችሁ ሲል ድምፁ እኔ የተቀመጥኩበት ጁስ ቤት ድረስ መጣ። ቢሾፍቱ አድሬ፣ ወግ አሁን ትዝ ብሎኝ ከግቢው ማዶ ሆኜ አቮካዶዬን በማንኪያ አማስላለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት።

«ማሽንህ አልከፈተም! ዶሮዎቹ ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም! አባዬ ዛሬ ማሽኑን እንየው፣ እንዳትነኪያቸው ብሎኝ እኮ ነው። በጓሮ በር ቶሎ ና!»

ወይ ጉዴ! ሮጬ ስደርስ ግቢው በዶሮ ጩኸት ተናውጧል። ከሳሎን አጎቴ ከዶሮዎቹ በላይ እየጮኸ ስለ ጨዋነቴ ያስረዳል። ጋሼ እንግዶቻቸውን ትተው፣ ለቤተ ክርስቲያን የለበሱትን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በጣሳ መኖ ይበትናሉ። ስክሪኗን አየኋት። በእኛ ሰዓት ልክ አራት ትላለች።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ! ስድስት ሰዓት ስቶ ነበር። እንግዶቹ አይተው እንዳይስቁብህ ብዬ ማታ ወደ ኋላ መለስኩልህ።»

ልቤ ቅቤ ሆነ። ሰውዬው ገመናዬን ሊሸፍኑልኝ ብለው ዶሮዎቻቸውን ቁርስ ከልክለዋል፤ እሳቸው በጣሳ ባይደርሱላቸው የሚበሉት ማሽኑ ሲከፍት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ስለ ፈረንጅ ሰዓት ላስረዳ አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ስማኝ ልጄ። ዶሮ ማብላት እኔስ መቼ ያቅተኛል? እሷ ጠዋት ስታበላቸው ታወራቸዋለች። አንዷን ትቆጣለች፣ አንዷን ታባብላለች። አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳኝ እሱ ነው። እሱን ማሽንህ ይሠራዋል?»

ምን ብላቸው ጥሩ ነው?

«ስፒከር ሊገጠምለት ይችላል» አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳይጨርስ ነው የገባኝ። ልጅዎ አታስፈልግዎትም የሚል ዕቃ በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ታቅፌ አምጥቼ፣ ግድግዳቸው ላይ በብሎን አስሬላቸዋለሁ። አፈርኩ፤ ከማፈሬም ይልቅ አሳዘኑኝ። እሳቸው አዩኝ፣ አዩኝና ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ተቆረጠ። «በል ጨርስላቸው» ብለው ጣሳውን ሰጡኝና ወደ ቧንቧው ሄዱ። ፊታቸውን ታጠቡ፤ ብዙ ቆይተው ታጠቡ። በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ሳሎን ገቡ።

የአጎቴ ድምፅ ቆመ። «ልጄን ሰጥቻለሁ» ሲሉ ጓሮ ድረስ ሰማኋቸው፤ ወዲያው እልልታው ቀለጠ። እኔ ጣሳዬን እንደያዝኩ ዶሮዎቹን ላወራቸው ሞከርኩ። ምን እንደምትላቸው ግን አላውቅም ነበር።