የሸማኔ እግር

ሽሮ ሜዳ ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀብሮ የሚውል ሰው ብታዩ አትደንግጡ፤ ሸማኔ ነው። የሽመና ዕቃችን የሚተከለው ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ሠሪው ጠርዙ ላይ ይቀመጥና እግሩን ወደ ታች ይሰዳል። ታች ያሉትን ሁለት መርገጫዎች ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ እያለ ይረግጣል፤ ላይ በእጁ ክር የያዘውን መወርወሪያ ያመላልሳል። እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚሁ ዓመታት እኔው አብሬ የመሠረትኩት የሄቪ ሜታል ባንድ ናይሮቢ ደርሷል፤ ከናይሮቢም አልፎ ቪዛ ለማግኘት ሰው ወር የሚሰለፍባቸው አገሮች ደርሷል። እኔ የምደርሰው ጳውሎስ ሆስፒታል ድረስ ነው፤ አባቴን ለስኳር ክትትል ለማድረስ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የተበላሸ ሚሞሪ ነው፤ ማለቴ የተበላሸ በመሰለን። አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። ጓደኛዬ የባለሱቅ ልጅ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው እኛ ሰፈር ክርም ዘይትም ይሸጣሉ። እሱ ከሱቁ ጎን ባለች ጠባብ መስኮት ለደንበኛ ስልክ ላይ ዘፈን ይጭናል። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሚሞሪውን ረስቶ ሄደ። ብንከፍተው ጩኸት ነው። ሌላውን ዘፈን ከፈትን፤ ያው ጩኸት።

«ቫይረስ በልቶታል» አለ ጓደኛዬ፣ ሊያጠፋው እጁን እየሰደደ።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩት። ከጩኸቱ ሥር የማውቀው ነገር ሰማሁ። ሁለት እግር ነው፤ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፣ ያለ ዕረፍት። አንድ ሰው የሆነ አገር ተቀምጦ ከበሮ በሁለት እግሩ ይረግጣል፣ የሚያወጣው ድምፅ ግን ከተወለድኩ ጀምሮ የሰማሁት የአባቴ የእግር ድምፅ ነው። ጆሮዬን ከስልኩ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ክሩ ሁሉ ያለቀ ጊታር ከየትም አመጣ፣ እኔም ሰፈራችን ያለው የወጣት ማዕከል ውስጥ አቧራ የጠጣ ድራም ላይ መቀመጥ ጀመርኩ።

ሦስተኛችን የጎረቤት ልጅ ናት። ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበር፤ ድምፅዋ ማር ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ ስትመጣ ግን ከሆዷ የምታወጣው ሌላ ነው፤ የቆርቆሮ አጥር የሚገነጠል ይመስላል። ቤዝ ጊታሩንም የምትመታው እሷው ናት። እናቷ አንድ ቀን በመስኮት ሰምተዋት «ልጄን ያዛት!» ብለው በማግስቱ እንጦጦ ጠበል ወሰዷት። በዚያ ብርድ ሦስት ቀን ተጠምቃ ተመለሰች። «ጉሮሮዬን ከፈተልኝ» አለችን፤ እውነትም ከዚያ ወዲህ ባሰባት።

የምንለማመደው እሑድ እሑድ በእኛ ሽመና ቤት ነበር፣ ዕቃዎቹ በሚያርፉበት ቀን። አባቴ አይከለክለንም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀሰም ላይ ክር ያጠነጥናል፣ አንድ ዘፈን ሲያልቅ «ጣራው አለ?» ብሎ ቀና ይላል። ጓደኛዬ ይስቃል፤ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩን!» ይለዋል። ችግራችን ጾም ነበር። በዓቢይ ጾም እኔና እሷ አንጫወትም፣ ቤተሰብ አያስቀምጠንም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ጊታሩ አይነካም። የሁለት ሃይማኖት ጾም የሚጾም ባንድ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አባቴ ጨርቅ የሚመረምረው በዓይኑ አይደለም፤ በአውራ ጣቱ ነው። ማታ የሠራሁትን ይዘረጋና ጣቱን ቀስ አድርጎ ያሳልፍበታል። የላላ ቦታ ሲያገኝ አይቆጣም። «እዚህ ጋ አልነበርክም» ይላል ብቻ። ልጅ ሆኜ ያናድደኝ ነበር፤ ጀርባዬ እስኪቆስል ተቀምጬ ውዬ እንዴት አልነበርክም እባላለሁ? ግን ሳስበው ልክ ያን ቦታ ስሠራ ልቤ ኳስ ሜዳ እንደነበር ትዝ ይለኛል። አንድ ቀንም ሲሳሳት አላየሁትም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ትንሽ ቁስል ናት ብሎ ስኳሩን ንቆ እየረገጠባት ከረመ፤ ሆስፒታል ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። እናቴ ልጅ ሳለሁ ነው ያረፈችው፣ ወንድምም እህትም የለኝም። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ እኔ በእሱ ቦታ ጠቅልዬ ወረድኩ። ማንም ውረድ አላለኝም። በቃ፣ ጉድጓዱ ባዶ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሁለት እግር ነበረኝ።

ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ እዚያ ስትቀመጥ ዓይንህ ከደጁ መሬት ጋር ይስተካከላል። ቀኑን ሙሉ የማየው ጫማ ነው። ገበያ የመጡ ሴቶች ክፍት ጫማ፣ የተማሪ ጫማ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች የላስቲክ ጫማ። ሁሉም ያልፋል። የጓደኞቼን ጥቁር ቦት ጫማ ሳይ ልቤ ይዘላል፣ እነሱም ጎንበስ ብለው «ዛሬ ትወጣለህ?» ይሉኛል፤ የእስረኛ ጠያቂ ይመስሉኝ ነበር። ቢሆንም እየወጣሁ እለማመድ ነበር። ትምህርት ቤት መዝጊያ ላይ ተጫወትን፤ በሁለተኛው ዘፈን መብራት ጠፋ፣ ርዕሰ መምህሩ እግዜር ይመስገን አሉ። ቀጥሎ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ተጫወትን፣ አንዱ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው፣ ቪዲዮውም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «የድራመሩን እግር አያችሁ!» ይሉ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ትልቁ ጥሪ መጣ። መሀል ከተማ ትልቅ አዳራሽ፤ ከናይሮቢ የሚመጡ ሰዎች ያዩና የወደዱትን ባንድ ይወስዳሉ። ቀኑ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ነው። ልክ በማግስቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ደግሞ ጋቢ ያዘዘን ቤተሰብ ሠርግ አለው፤ ለሽማግሌዎቹ የሚለበስ ስድስት ጋቢ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው።

ጾም ስለነበር ልምምድ የለም። ዘፈኑ ግን እንዳይጠፋኝ ፈራሁ። ስለዚህ ሁዳዴን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ በመርገጫው ተለማመድኩ። ዘፈኑ ሲፈጥን እፈጥናለሁ፣ ዘፈኑ ሲከብድ ክሩን አጥብቄ እመታለሁ፣ ሲላላ እላላለሁ። ከአፌ ዘፈን ስላልወጣ ጾም የገደፍኩም አልመሰለኝም፤ እንዲያውም በዘዴዬ ኮርቼ ነበር። አባቴ ጾሙን ሙሉ አሞት ተኝቶ ስለነበር ጣቱን አላሳለፈበትም።

ጋቢ የሚሠራው ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው፤ የአንዱ ጥለት ከሌላው ጥለት ጋር ራስ ለራስ መግጠም አለበት። ሐሙስ ዕለት አባቴ ተነስቶ ወርዶቹን ገጣጠማቸው። አንዱ ጥለት ሁለት ጣት ወጣ፣ ሌላው ሦስት ጣት ወረደ። ጣቱን ከላይ እስከ ታች አሳለፈ። የሚለውን ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ።

«እዚህም አልነበርክም» አለ። «እዚህም። እዚህም።»

አምስቱን በጥገናም በልመናም አዳንናቸው። አንዱ ግን እንደገና መሠራት ነበረበት። ሐሙስንና ዓርብን እንቅልፍ ሳላውቅ ሠራሁ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ አንድ ወርድ ቀረ። ጓደኞቼ ዕቃውን ይዘው ቀድመው ወርደዋል።

«ሂድ» አለኝ አባቴ። «የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«በምንህ?»

«በእጄ ነዋ! አንተ ሳትወለድ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ማመን ፈለግኩ፣ ስለዚህ አመንኩ። ፊቴን ታጥቤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ ቦርሳው ቀለለኝ። ብከፍተው ዱላዎቼ የሉም። የሰፈራችን አናጢ ከወይራ የጠረበልኝ የድራም ዱላዎች ናቸው፤ ከባድ ናቸው፣ በሌላ ዱላ እጄ አይታዘዝልኝም። ገና ጊዜ ነበረኝ፤ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ክራንቹ ወለሉ ላይ ወድቋል። የግራውን መርገጫ በግራ እግሩ ይረግጣል፤ የቀኙን በገመድ አስሮ በእጁ ይጎትታል። ገመዱን ሲጎትት መወርወሪያው ይወድቃል፣ መወርወሪያውን ሲያነሳ ገመዱ ያመልጠዋል። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ጨርቁ ላይ የጨመረው ነገር የክር ስፋት አይሆንም።

«ምን እየሠራህ ነው?!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። በብብቱ ይዤ አወጣሁት፤ እንደዚያ መቅለሉን አላውቅም ነበር። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ስልኬ ጠራ።

«የት ደረስክ አቦ? ተራችን እኮ ደረሰ!» አለ ጓደኛዬ።

«አልመጣም» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዘጋሁት። ዱላዎቹን መፈለግም ረሳሁ፣ በኋላም ፈልጌ አላገኘኋቸውም።

ያን ቀን ከሌላ ባንድ ድራመር ተውሰው ተጫወቱ፤ ናይሮቢም የሄዱት ከእሱ ጋር ነው፤ እስከ ዛሬም አብሯቸው አለ። ጎበዝ ነው፣ አልክደውም። ስም ያወጣላቸው ዘፈን ምት ግን የእኔ ነው፤ ሰባት ረግጦ አንድ መዝለል፣ ያን የሽማግሌዎች ጥለት ስሠራ አግኝቼ በፋሲካ ሰሞን ያሳየኋቸው። ዘፈኑ በታክሲ ውስጥ ሲከፈት እወርዳለሁ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አልፈልግለትም። አንዳንዴ አባቴንም እጠላዋለሁ፤ ከዚያ ምሳውን አቀርብለታለሁ፣ መድኃኒቱንም አስታውሰዋለሁ።

በዚህ ሳምንት ባንዱ ለአንድ ዝግጅት አገር ቤት ገብቷል። ትናንት ሁለቱም መጡ። መጀመሪያ ያየሁት ቦት ጫማቸውን ነው። እሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ቅዳሜ ነው። አንዲት ዘፈን ብቻ፤ ያንተዋን። አንተ ምታት» አለችኝ።

«ትዕዛዝ አለብኝ» አልኳት። ሁልጊዜ ትዕዛዝ አለብኝ። ጓደኛዬ የምሠራውን ጋቢ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ሄደ። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

ዛሬ ጠዋት ጠራኝ። ከፍራሹ ሥር በቁራጭ ሸማ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጭኑ ላይ ፈታው። የወይራ ዱላዎቼ ናቸው።

«ከየት አገኘሃቸው?»

«ከቦርሳህ» አለ። «ያን ቀን ፊትህን ስትታጠብ አወጣኋቸው። ሲጠፉብህ እንደምትመለስ አውቃለሁ። ስትመለስ ጉድጓድ ውስጥ ታየኛለህ። ካየኸኝ ደግሞ ትቀራለህ። ሁሉንም አውቄ ነው ያደረግኩት። ፈርቼ ነው። ናይሮቢን ያየ ሸማኔ ተመልሶ ጉድጓድ አይገባም» አለ።

«ላቡስ?» አልኩት።

«ላቡ የእውነት ነው።»

ደሜ ፈላ። አሥራ አራት ዓመት! በመርሳቴ ራሴን ስረግም የኖርኩት አሥራ አራት ዓመት። ዱላዎቹን ነጥቄው ልወጣ ተነሳሁ፣ በሩ ድረስም ሄድኩ። ግን የት እሄዳለሁ? ቅዳሜ ብሄድም ሰኞ ተመልሼ እወርዳለሁ፤ እሱ የሚበላውም እኔ የምበላውም ከዚያ ጉድጓድ ነው። ዞሬ አየሁት። ዓይኑም እየደከመ ነው፤ በሩ ላይ መቆሜን ሳያይ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይጠብቀኛል። ከነንዴቴ አሳዘነኝ፣ ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ዱላዎቹን ባትደብቃቸውም እመለስ ነበር። ታክሲ ተራው ጋ ቆሜ ሐሳቤን ቀይሬ ነበር።»

አውራ ጣቱ ጭኑ ላይ በቀረው ቁራጭ ሸማ ላይ ቀስ እያለ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ አልነበርክም» አለኝ።