ሰማያዊው በር

ቢቸና ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው መንገድ በየጊዜው መልኩን ይለውጣል። ጨው የሚሸጥበት ቤት የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆነ። ጠጅ ቤቱ ፋርማሲ ሆነ። ሲፈርሱ ቆሜ አይቻለሁ። ግጥም ልጽፍላቸው ሞክሬ አንድ ስንኝ አልመጣልኝም።

የእኛም ተራ ደረሰ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የአንድ ጭቃ ቤት በረንዳ ተከራይቶ ይሰፋ ነበር። የገጠር ደንበኞቹ ስሙን አያውቁትም፤ "ሰማያዊው በር ጋ ያለው" ይሉታል። ደረሰኝ የለም። ጨርቅ ሲቀበል ከጫፉ የጣት ያህል ቆርጦ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ገበያ ቁራጩን ያመጣ ልብሱን ይወስዳል።

ቤቱ ሲፈርስ አባቴ ከጀርባ ካለች የቆርቆሮ መጠለያ ገባ። ሰማያዊውን በር ግን ከፍርስራሹ ለምኖ አውጥቶ መንገዱ ዳር አቆመው፤ ደንበኛ እሱን አይቶ ይጠይቃል ብሎ። በቦታው ባለ መስታወት ፎቅ ሲሠራም በሩ እዚያው ተደግፎ ቀረ። አንድ ጠዋት የፎቁ ባለቤት መጣ።

"ጋሼ፣ ይኸን የሚያህል ቤት ሠርቼ በር የጎደለኝ መሰልዎት እንዴ?"

"ለቤትህ አይደለም። ለሰው ነው።"

"ሰው ዛሬ በስልክ ነው የሚገናኘው።"

"የእኔ ሰው በእግሩ ነው የሚመጣው" አለ አባቴ።

ባለቤቱ ሳቀ። የፎቁ ዘበኛ በሩን ተሸክሞ ወደ ጀርባ ወሰደው። አባቴ ድንጋይ ላይ አጋድሞ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ አደረገው።

ባሕር ዳር አንድ ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝቼ ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሚኒባሱ ስሄድ አንዲት እናት መስታወቱ ፊት አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው አየሁ።

"እናቴ፣ ማንን ይጠብቃሉ?"

"በሩን። ባለፈው ገበያ እዚህ ነበር። ልጄ እሑድ ልትዳር ነው፤ ቀሚሷ እዚያ ነው ያለ።" መዳፋቸውን ከፈቱ። ላብ ያራሰው አረንጓዴ ቁራጭ ነበር።

ወደ ጀርባ ወሰድኳቸው። አባቴ ቁራጩን ከቀሚሱ ጋር አስተያየና ቀሚሱን ሰጣቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳው ጥግ የተከመሩትን ልብሶች አየ። ባለቤት ያልመጣላቸው ናቸው። ሻንጣዬንም አየ። ሂድም ቅርም አላለኝም።

ወደ መንገዱ ስመለስ አንድ ገበሬ የካኪ ቁራጭ ይዞ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ቆሟል። የራሱን መልክ ያያል። እሱንም ወሰድኩት። ሚኒባሱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን በሩ ተደግፎበት የነበረው ቦታ ላይ እቆማለሁ። ደስ አይለኝም፤ አይከፋኝምም። የሚኒባሱ ረዳት "ሞጣ! ባሕር ዳር!" እያለ በመስኮት ብቅ ይላል፤ "ገጣሚው፣ ዛሬም አትሄድም?" ይለኛል።

አንድ ሰው አጠገቤ መጥቶ መዳፉን ሲከፍት፣ "ከኋላ ነው" እለዋለሁ።