አምባዛ የበላሁ ዕለት

ልጅ ሳለሁ አምባዛ የሚባለውን ዓሣ አልበላም ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን ከቤታችን ማንም አይበላም። ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ተወልዶ አምባዛ አልበላም የሚል ሰው የጎረቤት መሳቂያ ነው። እኛ ግን ምክንያት ነበረን፤ ምክንያቱን የሚያውቀውም አያቴ ኡጁሉ ነበር።

ያኔ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አያቴ ከዓሣ ማጥመድ ተመልሶ፣ ቢንቢውን ለማባረር እርጥብ ቅጠል ፍሙ ላይ ይጥልና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው ኩራዙ አጠገብ ሰብስቦን ያወራልን ነበር። ከጥንት አያቶቹ አንዷ ጠላት ሲያሳድዳት ሕፃኗን አዝላ ባሮ ውስጥ ትገባለች፤ መሀል ላይ ልጁ ከጀርባዋ አምልጦ ይሰምጣል፤ አንድ ትልቅ አምባዛ ከሥር ደግፎ ወደ ዳር ያወጣዋል። የእኛ ዘር ከዚያ ልጅ ነው። ከዳር ከወጡ በኋላ የሆነውን ግን አይነግረንም። «እሱ ለትልቅ ሰው ነው፤ ስታድጊ ላንቺ እነግርሻለሁ» ይለኝ ነበር። ከልጆቹ ሁሉ መርጦ ለእኔ ቃል ስለገባልኝ እንዴት እኮራ ነበር!

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ከደጋ የመጡት መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ሚቶሎጂ» ብለው ጻፉ። ቃሉ የግሪክ ነው፣ ሚቶስ ማለት ተረት፣ ሎጎስ ማለት ደግሞ ጥናት፣ በአማርኛ አፈ ታሪክ ይባላል አሉን። «ድሮ ሰው ያልገባውን ነገር በውሸት ይሞላው ነበር፤ እናንተ ግን ተምራችኋል» ብለው የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው አራገፉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እጄን አውጥቼ የአምባዛውን ነገር ስነግራቸው «ጎበዝ! ይኸው፣ አፈ ታሪክ ማለት ይህ ነው» ብለው አስጨበጨቡልኝ።

ጭብጨባው ልቤን አሳበጠው። ስመለስ ጎረቤት ገብቼ አምባዛ በላሁ። አመሻሹ ላይ አያቴ ገና ቅጠሉን ፍሙ ላይ ሳይጥል ፊቱ ቆምኩ። በቋንቋችን አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ እንደ ልማዴ አንተ እያልኩ ነገርኩት።

«አያቴ፣ አምባዛ በላሁ። ምንም አልሆንኩም። ያንተ ወሬ አፈ ታሪክ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እውነት ያልሆነ ነገር። መምህሩ ናቸው ያሉት።»

እሳቱን አየ፤ እኔን አየ። «እንግዲያ ያ ልጅ ከውሃው አልወጣም ማለት ነው?» አለኝ። ሳቅኩበት።

ከዚያ በኋላ ጭሱም ኩራዙም እንደ ድሮው ነበሩ፤ ወሬው ብቻ ቀረ። ታናናሾቼ ሲለምኑት «እህታችሁን ጠይቋት፤ የተማረችው እሷ ናት» ይላቸው ነበር። እኔ ደግሞ ይቅርታ የመጠየቅ ነገር አልሆንልሽ አለኝ፤ አንድ ቀን ይረሳዋል ብዬ ተውኩት።

አልረሳውም። ኮሌጅ ገብቼ የአካባቢያችሁን አፈ ታሪክ ሰብስቡ ስንባል፣ ስልኬን ለመቅጃ አዘጋጅቼ የአያቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አርጅቶ ዓይኑ ደክሞ ነበር። «አድጌያለሁ፤ የቀረውን ንገረኝ» አልኩት። «እኔ ከውሸት ሌላ ምን አውቅ ነበር?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያው ክረምት ሞተ።

በኋላ እንዳነበብኩት ሚቶስ በጥንቱ ግሪክ መጀመሪያ ከአፍ የወጣ ቃል፣ ንግግር ማለት ነበር፤ የውሸትነቱን ትርጉም የጫኑበት ኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ያን ያነበብኩ ቀን ራሴን ጠላሁት። መምህሩማ ቃል አስተማሩኝ እንጂ ሂጂና አያትሽን አዋርጂ አላሉኝም።

ዛሬ እኔም መምህርት ነኝ። ያንኑ ቃል ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ትርጉሙን ከሥሩ አስረዳለሁ፤ ልጆቹም ይገለብጣሉ። ባለፈው ግን አንዲት ተማሪ ተነስታ «ቲቸር፣ እናንተ ቤት የሚወራውን ንገሪን» አለችኝ። ጀመርኩላቸው። ሴትዮዋን ባሮ ውስጥ አስገባሁ፤ ልጇንም ወደ ዳር አወጣሁላት።

«ከዚያስ?» አለች ልጅቷ።

ደወሉ እስኪደወል ድረስ ሁሉም እየጠበቁኝ፣ ጠመኔ ይዤ ቆምኩ።