ያዞርኩት የግድግዳ ሰዓት

ሰሞኑን ፈረንጆች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ መቀያየሩን እንተው አንተው እያሉ ሲከራከሩ በሬዲዮ ሰማሁ። አንዱ እንቅልፍ ይነሳል ይላል፣ ሌላው ላሞች የሚታለቡበት ሰዓት ይዛባል ይላል። እኔንም ቢጠይቁኝ የምለው ነበረኝ፤ ግን የኔ ነገር የሚያሳፍር ስለሆነ ሬዲዮውን ዘጋሁት።

ከብዙ ዓመት በፊት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ያውቃል ተብዬ ነው የተቀጠርኩት፤ ማወቄን ደግሞ ማንም እንዲረሳ አልፈቅድም ነበር። ቡናችንን የሚገዛ አንድ አውሮፓዊ በየወሩ አንድ ሐሙስ ከቀኑ በአስር ሰዓት ይደውልልናል።

በዚያ ዓመት ሰውየው የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሊያሠራልን ተነሣ። ጣቢያው አንድ፣ ፈላጊው ሁለት ቀበሌ። ተወካዮቻቸው ስለ ውሃቸው በስልክ እንዲያስረዱ፣ እኔም እንዳስተረጉም ተባለ። የአንደኛው ቀበሌ ሰው በየካቲት ተናግሮ ጨረሰ። በሸኮ በኩል ያለው ቀበሌ ደግሞ የምንጩን ክረምትና በጋ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መረጠ። ለእሳቸው "በመጋቢት መጨረሻ፣ ሐሙስ በአስር ሰዓት ይድረሱ" ብዬ አስነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ከፈረንጁ አንድ ፋክስ መጣ። ከእሁድ ጀምሮ ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚያዞሩ ስልኩ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚደወል ይናገራል። አንብቤዋለሁ። ለባልደረባዬም አሳይቼ "ፀሐይን በደብዳቤ ሊያዙ ነው" ብዬ አሳቅኳት። ከዚያ ፋይል ውስጥ ከተትኩትና ረሳሁት።

ሐሙስ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። "ሽማግሌው አሉ?" አለ ሰውየው። "ስህተቱ የኔ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደውሉ" ማለት እችል ነበር። አንዲት አጭር ነገር ናት። እኔ ግን "አልመጡም። እዚህ ገበሬው ሰዓት አያከብርም፣ ምን ይደረግ" አልኩ፤ ሳቅም ጨመርኩበት። ሰውየው ሰዓት የማያከብር ሰው ጣቢያ ማስተዳደር እንደሚከብደው፣ ውሳኔውም የዛሬ መሆኑን ነግሮኝ ዘጋ።

ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ የግድግዳውን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት አዞርኩት። ሽማግሌው አይተው እንዳይጠይቁኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ መንገዱ ተበላሽቶ መኪና ስለታጣ እኩሌታውን በእግራቸው ነው የመጡት። በፕላስቲክ ጠርሙስ ከምንጩ ውሃ ቀድተው ይዘዋል። በስልክ ውሃ እንደማይታይ ጠፍቷቸው አይደለም። እኔ በዓይኔ አይቼው በደንብ እንዳስተረጉምላቸው ብለው ነው።

"አባባ፣ አርፍደዋል፤ ስልኩ አልፏል" አልኳቸው።

ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩት። አስር ሰዓት ተኩል ይላል። "እኔ ገና መስሎኝ ነበር ልጄ። ደመና ነው፣ ፀሐይ የለም። ሸኮ ላይ ግን ሰው ጠይቄ ነበር…" አሉና ተዉት። ጠያቂውም ተጠያቂውም ተሳስተው እንደሆነ አምነው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይቅርታ አድርግልኝ። አንተንም ፈረንጁ ፊት አሳፈርኩህ።"

"ምንም አይደል" አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው እኮ! ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ወጡ። እኔም ተመልሼ ወንበሩ ላይ ወጣሁና ሰዓቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ፈረንጆቹ በዓመት የሚያዳርሱትን እኔ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ አልጠራም፤ የጠረጠረኝ ሰው አልነበረማ።

ጣቢያው ለሌላው ቀበሌ ተሰጠ። ይህንኑ ለመናገር ከማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር ወደ ሽማግሌው ቀበሌ ሄድን። ሰዉ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ሊቀመንበሩ ተናግሮ ሲጨርስ ሽማግሌው ተነሥተው በሸኮኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ቋንቋውን ስለማልሰማ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት "ምን ይላሉ?" አልኳት።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጸሐፊው ሰዓቱን በደንብ ነግሮኝ ነበር፣ ልጁን እንዳትቀየሙት ይላሉ" አለችኝ። ትንሽ አዳመጠችና "ከእንግዲህ ሰዓት የሚያውቅ ሰው ምረጡ፣ እኔ አርጅቻለሁ ይላሉ" አለች።

ማንም አልተቃወማቸውም። እዚያው ሌላ ሰው ተመረጠ። ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞሮ የምለው ካለ እንድናገር ጋበዘኝ። ተነሣሁ። ሽማግሌው ከፊት ተቀምጠው ትክ ብለው ያዩኛል፤ ደግ ነው አስተያየታቸው።

"ቡናውን መሬት ላይ እንዳታሰጡት" ብዬ ተቀመጥኩ።