ጆሮዬን መንካት ያቃተኝ ጠዋት

ቺሮ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ልጅ ሸንኮራ በጥርሷ ስትልጥ ድምፁን ሰማሁና ትምህርት ቤት የተመዘገብኩበት ጠዋት ትዝ አለኝ።

እናቴ እኔንና ታናሽ እህቴን ኢፍቱን ይዛን ሄዳ ነበር። የልደት ወረቀት ስላልነበረን መዝጋቢው መምህር ቀኝ እጃችንን በራሳችን ላይ አሻግረን ግራ ጆሯችንን እንድንነካ አዘዙን። ድቡልቡሏ ኢፍቱ ጆሮዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ስትስቅም አዳዲስ የፊት ጥርሶቿ ታዩ። የእኔ ጣቶች ፀጉሬ ላይ ቀሩ። መምህሩ አፌን አስከፍተው አዩና፣

«ይሄ ገና የወተት ጥርስ ነው ያለው። ታላቅየዋ ትግባ፤ እሱ ለከርሞ ይምጣ» አሉ።

እንባዬ መጣ።

«ወላሂ ታላቁ እሱ ነው!» አለች እናቴ። «የወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ? እሷ ሥጋ ስላላት ቀደመችው። የከሲታ ልጅ ጥርሱም አጥንቱም ይዘገያል እንጂ ዕድሜው አይዘገይም!»

መምህሩ ሳቁ። «እሺ፣ አሸነፍሽኝ» ብለው ስሜን ጻፉ።

የእናቴ ነገር በግማሽ ነበር የገባኝ። በዚያ ሰሞን ገንፎ በበላሁ ቁጥር የፊት ጥርሴን በምላሴ እየገፋሁ ተነቃነቀ ወይ ብዬ እሞክር ነበር። ሥጋ ያላቸው ልጆች ጥርሳቸውም አጥንታቸውም ብዙ ጊዜ ፈጥኖ እንደሚያድግ በመጽሐፍ ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

አሁን ኢፍቱ ከትከሻዬ አታልፍም። ከሰው ስታስተዋውቀኝ ግን፣ «ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መምህሩን ጠይቁ» ትላለች። እኔም ደስ እያለኝ አብሬያት እስቃለሁ።