የማዕረግ የማታ ውሎ

ማዕረግ ሸማ ተራ ጥግ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ስፓኒሽ የለመደው ድሬዳዋ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ አብሮት ይሰፋ የነበረ ኦርላንዶ የሚባል ኩባዊ፣ "ግሱ በ'አር' ካለቀ ቆርጠህ 'ኤ'፣ በ'ኤር' ወይም በ'ኢር' ካለቀ 'ኢ' በልበት፤ ያኔ አንተ ያደረግከው ይሆናል" ብሎ ያለፈን ነገር መናገር አስተማረው።

ኩባዎቹ አገራቸው ገቡ፤ ቋንቋው ማዕረግ አፍ ውስጥ ቀረ። እንዳይጠፋበት ማታ ሱቁን ሲዘጋ ውሎውን ያነበንባል፦ "አብሪ፣ ኮሲ፣ ቬንዲ፣ ሴሬ።" ከፈትኩ፣ ሰፋሁ፣ ሸጥኩ፣ ዘጋሁ። "አብሌ"ን፣ አወራሁን፣ ግን ይዘላታል። ከማን ጋር አውርቶ!

ጎረቤቱ ክር ነጋዴው ጋሽ ሙዘሚል ጸሎት ይመስላቸዋል። ቁልፋቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁትና "አሚን!" ብለው ይሄዳሉ። እውነቱን ነግሯቸው አያውቅም፤ ያቺን አሚን እንዳያጣት ይሰጋል።

ለአረፋ ነጋዴው ሁሉ አገር ቤት ሲገባ ተራው ጭር አለ። ጋሽ ሙዘሚልም ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ አውቶቡስ ተራ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ማዕረግ፣ በጸሎትህ እኛንም አስበን።"

"እሺ ጋሼ፣ በሰላም ይግቡ" አለ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቻቸው ጥቂት ተጨዋወቱ።

ማታ ሱቁን ዘግቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "አብሌ" አለ። ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። አሚን የሚል አልነበረም።