ገጹ የጠራ ዕለት

ለዓይን ብርሃንን፣ ለጆሮ ድምፅን ያደለ የእግዚአብሔር ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። እርሱ በፈቀደልኝ መጠን፣ ባለፈው ሰንበት የተነሣብኝን ትዝታ እጽፋለሁ። ከቅዳሴ ስወጣ አንዲት የሆቴል ሠራተኛ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ “አባቴ፣ የቢሯችን ኮምፒዩተር ሊኑክስ ነው፤ ብራውዘሩ አንድ ገጽ ልክፈት ሲሉት ያንቀላፋል። እባክዎ ይዩልን” አለችኝ። ተከትያት ገብቼ ወንበር ሳብሁ። ገጽ የሚለው ቃል ግን ከእጄ ቀድሞ ወደ ሌላ ዘመን ወሰደኝ።

ወጣትነቴ ገና ያልተሰናበተኝ ጊዜ ነበር። ድጓ ከተማርሁበት ጉባኤ ቤት ወጥቼ፣ ወልድያ ላይ የኮምፒዩተር ሙያ ቀስሜ፣ ላሊበላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ነበር። ማሽኖቹ አሮጌዎች ስለ ነበሩ ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ የማሽን ሥርዓት ጭነንባቸው ነበር። ባልደረባዬ ዲያቆን መላኩ ጠዋት እንግዳ ያስጎበኛል፣ ከሰዓት ከእኔ ጋር ይሠራል።

በጾመ ነቢያት መግቢያ፣ ገብሱ ታጭዶ ኮረብታው ሁሉ ቢጫ ሆኖ በተራቆተበት ሰሞን፣ የድጓ መምህሬ የኔታ ከገነተ ማርያም መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱልኝ።

“አስካለ እሑድ ዕረፍት አላት” አሉኝ። “በዚህ በእናንተ ሣጥን የሩቅ ሰው ፊት ይታያል የሚሉት እውነት ነው?”

አስካለ አንድ ልጃቸው ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ለመሥራት ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ድምፅዋን በስልክ ይሰማሉ፤ ፊቷን ግን ከተለየቻቸው ጀምሮ አላዩም። “ሳልሞት አንድ ጊዜ ልያት” አሉ። ሌላ የለመኑኝ ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያው እሑድ ብራውዘሩ እያቃሰተ ተከፈተ። የአስካለ ፊት በግራጫ ካሬዎች ተቆራርጦ ብቅ አለና ደርቆ ቀረ። ቃሏም ግማሹ እየተዋጠ ይመጣ ነበር። የኔታ አንገታቸውን አስግገው፣ “ጉም ነው የማየው” አሉ።

“ማሽኑ ነው፣ የኔታ። አስተካክለን እንጠብቅዎታለን።”

“ቶሎ ይሁን እንጂ። ገና ሲደርስ ተሳላሚው ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ኔትወርኩም እንደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይጣበባል።”

ሰኞ ዕለት የማሽኑን ማኅደረ ትውስታ ማን እንደ በላው መፈለግ ጀመርሁ። ብራውዘሩ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ገጽ ተከፍቶ ነበር፤ ሁሉም የመላኩ ነው። የየዕለቱን ቅዱስ ሥዕልና ታሪክ ይከፍታል፣ አይዘጋም። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣም መልሶ እንዲከፍታቸው አድርጎታል።

“ምናለ አንዱን እንኳ ብትዘጋ?” አልሁት።

“አንተ ግእዝ ተምረህ የለም? ገጽ ማለት ምንድን ነው?”

“ፊት።”

“እንግዲያ የእመቤታችንን ፊት በገዛ እጄ ዘግቼ ምሳ ልብላ?”

“ይህ ሁሉ ቅዱስ በዚህች አሮጌ ማሽን ውስጥ ሲቆም አይጠበውም?”

“ለእነሱ አይጠባቸውም።”

“ለየኔታ ልጅ ግን ቦታ ጠፋ” አልሁት።

መላኩ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጋ። በዳዊታችን ቅጠል ዳር ክር እንደምናስር ሁሉ፣ ብራውዘሩም የምንፈልገውን ገጽ ምልክት አድርጎ እንደሚያቆይ አሳየሁት። ክር የታሰረበት መጽሐፍ ቢከደን ነውር እንዳልሆነ ሲገባው፣ እያማተበ አንድ በአንድ ዘጋቸው። ማሽኑ ያን ጊዜ ተነፈሰ። ቀድሞ ቦታ ሲሞላበት ሥራውን ወደ ዲስኩ እያሸሸ ነበር እንዲያ የሚንቀራፈፈው። የማንጠቀምባቸውን የብራውዘር ተቀጥላዎች አነሣን፤ መስኮት በተከፈተ ቁጥር በሚወዛወዘው ያጌጠ ዴስክቶፕ ምትክ ቀለል ያለ ጫንን። የቪዲዮውን ሸክም ፕሮሰሰሩ ብቻውን እንዳይሸከም፣ የግራፊክስ ካርዱ እንዲያግዘው ቅንብሩን ለወጥን። ዓርብ ከሰዓት ለሙከራ የከፈትነው ቪዲዮ አንዴም ሳይደናቀፍ ሄደ። መላኩ ከደስታው ብዛት የየኔታን ቆሎ ጨረሰው።

እሑድ የኔታ ንጹሕ ጋቢ ደርበው መጡ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። አስካለ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች፤ የአንገቷ ማዕተብ፣ የሸሚዟ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ከስታለች፤ የአንገቷ አጥንት ወጥቷል።

የኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ አሁንም ጉም ነው” አሉኝ።

ከማሽኑ ዞሬ ዓይናቸውን አየሁ። የሚመለከቱት ድምፅ ማጉያውን ነበር። የኔታ ድጓን የሚያስተምሩት በቃላቸው ነው፤ ተማሪ ሲያዜም፣ “ድፋቱን ዘለልኸው” ብለው የዜማ ምልክቱን በጆሯቸው ያርሙታል እንጂ መጽሐፉን ሲመለከቱ ያየ የለም። የገነተ ማርያምንም መንገድ እግራቸው ያውቀዋል። ዓይናቸው መቼ እንደ ደከመ ከጉባኤው ማንም አልጠየቀም።

“በመብራት ውስጥ ያለ ፊት የሚታየኝ መስሎኝ ነበር” አሉ ቀስ ብለው፤ የእጄን አንጓ ጨበጡኝ። “እንዳትነግራት።” ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “አስካለ፣ ፊትሽ ፈክቷል። እንዲያውም ወፍረሻል” አሏት።

ፈገግታዋ ባለበት ቀረ። ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም አቀረቀርሁ። ቀና ስል እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በል ትለኛለች።

“እዚህ ምግቡ ጥሩ ነው፣ አባቴ” አለች እየሳቀች።

ስንብታቸው አልቆ የኔታን በር ድረስ ሸኘኋቸው። ደጁ ላይ ቆሙ።

“ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታለቅስ ትንፋሿን ትቆርጠዋለች” አሉ። “ዛሬም ስትስቅ ቆረጠችው።”

 በትራቸውን አስቀድመው ቁልቁለቱን ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ክፈትልኝ ብለውኝ አያውቁም፤ በስልክ ብቻ ያነጋግሯት ነበር። ሲያርፉም አስካለ አልደረሰችላቸውም። እርስ በርስ የተሸሸጉትን ሁለቱም እንደሚያውቁ የማውቀው፣ እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።

የሆቴሉን ማሽን ሠርቼ ስጨርስ ልጅቱ ደስ አላት፤ እዚያው አረብ አገር ወዳለች እኅቷ ደወለች። “ይቀመጡ እንጂ አባቴ፣ ላስተዋውቅዎ” አለችኝ። ጥሪው ሳይነሣ ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ። የሩቅ ሰው ፊት እንዲጠራ ማድረግ ዛሬም አይከብደኝም፤ ሲጠራ አጠገቡ መቀመጥ ግን አልቻልሁም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የራቋችሁን በደጃችሁ አቁሞ፣ ጉንጫቸውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ የምታዩበትን ቀን አምላክ ይስጣችሁ። ቤታችሁን ከነቤተሰቡ ይጠብቅ፤ አሜን።